ስልኩ ሲጠራ ዝም በሉ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኩ ጠራ።

ሳሎን ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዝም አሉ። ገና ከገጠር የደረሱ አንዲት ዘመድ እያለቀሱ ነበር፤ ጎናቸው የተቀመጠችው ሴት እጃቸውን ጨበጥ ስታደርጋቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። በር ላይ የእድሩን ወንበሮች ሲደራርቡ የነበሩት ወጣቶች ባሉበት ቆሙ። የርሆቦት አክስት ደሳለች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችና አንገቷን ነቀነቀችላት። አንሺው ማለቷ ነው።

ርሆቦት ዩኒፎርሟን ለብሳለች። አንድ እግሯ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ስልኩን አነሳች።

«ሄሎ አባዬ።»

«ርሆዬ! እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። ቪዲዮ ላድርገው?»

«ካሜራው አልተሠራም።»

«እስካሁን? ኦልያድ ምን ይሠራል? ፒያሳ ወስዶ አያሠራውም? እሺ፣ እናትሽስ?»

«ለማለዳ ጸሎት ወጥታለች።»

«ሰሞኑን ጸሎት አብዝታለች። ለእኔ ፈተና ነው?»

«አዎ።»

«ጉሮሮዋ ተሻላት?»

«ትንሽ ተሽሏታል።»

ከኋላዋ ማንም አልተነፈሰም። አባቷ ቶለሳ ከሥራ ገብቶ እራቱን እያሞቀ ነበር፤ የማይክሮዌቩ ድምፅ ይሰማታል። እዚያ ገና ሰኞ ማታ ነው።

«በይ እንግዲያው አንቺው ጠይቂኝ» አለ። «ሰኞ እኮ ደረሰ።»

ጥያቄዎቹ የተለጠፉት ፍሪጁ ላይ ነው። ርሆቦት የተቀመጡትን ሴቶች እግር እየተሻገረች ወደ ፍሪጁ ሄደች።

«ሕግ የሚያወጣው ማን ነው?»

«ኮንግረስ።»

«ባንዲራው ላይ ሃምሳ ኮከብ ለምን ሆነ?»

«ሃምሳ ስቴት ስላለ። ከበድ ከበድ ያለውን ጠይቂኝ እንጂ!»

«ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ካልቻለ ማን ይተካዋል?»

«ምክትሉ።» ከዚያ ሳቀ። «እናትሽ እዚህ ጋ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?»

ርሆቦት ታውቃለች። እናቷ ስታስጠናው ይህ ጥያቄ ሲደርስ መልሱን ሳትጠብቅ ነበር የምትጮኸው።

«‹እኔ ነኛ! እኔ እተካዋለሁ፣ አቶ ቶለሳ!›» አለች ርሆቦት፣ በእናቷ አነጋገር።

አባቷ እንደገና ሳቀ። ከገጠር የመጡት ዘመድ ተነሥተው በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ።

«ማነው የሚያለቅሰው?»

«ጎረቤት ናት። ጉንፋን ይዟት ነው።»

«እናንተም ተጠንቀቁ። በይ ትምህርት እንዳይረፍድብሽ። ጀባዹ።» በርቺ ማለቱ ነው፤ ስልክ ሲዘጋ ሁልጊዜ እንዲህ በኦሮምኛ ነው የሚሰናበታት።

«እሺ አባዬ።»

ስልኩ ተዘጋ። ልቅሶው ካቆመበት ቀጠለ። ደሳለች መጥታ ትከሻዋን ያዘች።

«ጎበዝ። ያንቺ ድምፅ አይንቀጠቀጥም። እግዚአብሔር ነው ያበረታሽ።»

ርሆቦት ሁለተኛውን ካልሲ መፈለግ ጀመረች።

እናቷ ዓለሜ የሞተችው ኅዳር 11፣ ሐሙስ ነው። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ትሠራ ነበር። አፈር በላስቲክ እየሞላች ሳለ ራሴን አመመኝ ብላ ተቀመጠች፤ ሆስፒታል ሲያደርሷት አልፋ ነበር። ዓርብ ተቀበረች። መዘምራኑ ሲዘምሩ ርሆቦት የምታየው የአንዷን ዘማሪ ጫማ ነበር። የግራው ማሰሪያ ተፈቷል። ልንገራት ወይስ ልተወው እያለች ቀብሩ አለቀ።

ኦልያድ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ በዚያ ቀን ያዙት ያዙት እየተባለ በሰው ተደግፎ ነበር። እሷን ማንም አልያዛትም። ቆማ ነበር። ሰዎች በርትታለች አሉ። በርትታ አልነበረም፤ የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋት ያህል ነው፣ መላ ሰውነቷን። ይነካካታል፣ አያማትም።

ለዚህ ነው ስልኩ የተሰጣት። ኦልያድ ቅዳሜ አንድ ጊዜ አንሥቶት «ሄሎ» ብሎ ድምፁ ተቆረጠ፤ ጉንፋን ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ጉንፋን በዛ።

አባታቸው አሜሪካ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጥገኝነት ጠየቀና ጠበቀ። ግሪን ካርድ ሲያገኝ ለሚስቱ አመለከተ፤ ርሆቦትና ኦልያድ በእናታቸው ፋይል ሥር ገቡ። እንደገና ጠበቁ። አሁን ደግሞ ዜጋ ለመሆን የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ሰኞ ነው። እሱ ዜጋ ከሆነ የእነሱ ነገር ይፈጥናል ተብሏል። በዚህ ቤት ‹ሲፈጥን› ተብለው የሚጀመሩ ብዙ ወሬዎች ነበሩ። ሲፈጥን ሶፋውን እንሸጠዋለን። ሲፈጥን የርሆቦት ጥርስ እዚያ ይታሰራል። ሲፈጥን እናታቸው ከአፈር ሥራ ታርፋለች።

ዓርብ ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹና የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ከደሳለች ጋር ተቀምጠው ነበር። ለቶለሳ እንዴት ይነገረው? በስልክ አይሆንም፤ ይህስ አላከራከረም። መርዶ የሚነገረው ቤቱ ድረስ ተሂዶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከአልጋው ሳይወርድ፣ የሚይዙት ሰዎች ባሉበት ነው። እዚያው ከተማ ወዳለው ጓደኛው ወደ ሾዴ ተደወለ። ሾዴ አልቅሰው ሲያበቁ «ቃለ መጠይቁ እኮ ከሰኞ ወዲያ ያለው ሰኞ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ለጥቂት ቀን ብሎ አይሰበር፤ ከፈተናው በኋላ ይነገረው ተባለ። ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍም ተነገረ።

ደሳለች ከሁሉም በላይ አጥብቃ የያዘችው ምክንያት ስላላት ነው። የራሷ አባት የሞቱ ጊዜ ጂዳ ለነበረው ወንድሟ አንድ ሰው በስልክ ነገረው። ወንድሟ ያን ሰዓት ደረጃ እየወረደ ነበር፤ ወደቀ። እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ረቡዕ ኬሚስትሪ ኩዊዝ ነበራቸው። ርሆቦት ዘጠኝ ከአሥር አመጣች። ሀያም፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አብራት የተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ ወረቀቱን አየችና መልሳ አየችው።

«አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?»

«ምነው?»

«እኔ አራት ነው ያመጣሁት፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብላ። ወላሂ ታስፈሪያለሽ።»

ርሆቦት ሳቅ ሊመጣባት ይገባ እንደነበር ታውቃለች። «ኩዊዙ ቀላል ነበር» አለች።

«ሙድ አትያዢብኝ እሺ?» ሀያም ክንዷን በክንዷ አቆላለፈች። «አባትሽ አሁንም አላወቀም?»

«አላወቀም።»

«ሼም ነው ግን። እኛም ጋ ይደብቃሉ፤ አያቴ የሞተች ጊዜ እናቴ ሳታውቅ ሠርግ ሄዳ ጨፍራለች። እስካሁን የዚያን ሠርግ ቪዲዮ ማየት አትችልም።» ትንሽ ሄዱ። «ለምን ኢክረማን አንጠይቀውም?»

ኢክረማ የሀያም ወንድም ነው። ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ቀሚስ ከሚሰቀልባቸው ሱቆች መካከል «የቪዛ ፎርም እንሞላለን፣ ፎቶ፣ ኮፒ» የሚል ጠባብ ሱቅ አለው። ሲደርሱ የአንድ ሕፃን ፓስፖርት ፎቶ ሊያነሣ እየታገለ ነበር፤ ሕፃኑ አንገቱን አላቀና ብሏል። እናትየዋ ይዛው ስትወጣ ወንበሩን ለርሆቦት ለቀቀላት።

ነገረችው። የነገረችው ልክ ስለ ሌላ ቤት እንደምታወራ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሰኞ።

ኢክረማ አገጩን ያዘ። «ሰኞ ሲገባ መጀመሪያ እጁን አስነሥተው ያስምሉታል። ከዚያ የሞላውን አንድ በአንድ ያነቡለታል። የተለወጠ ነገር አለ? ባለትዳር ነህ? ሚስትህ የት ናት? ‹አዲስ አበባ› ይላል። ይፈርማል።»

«አያውቅማ» አለች ሀያም። «ካላወቀ ውሸት አይደለም።»

«የእሱ ውሸት አይደለም» አለ ኢክረማ። ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ይመስላል። ኮፒ ማሽኑን ያለምክንያት ከፍቶ ዘጋው።

«የእኛስ ፋይል?» አለች ርሆቦት።

«እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ እሺ? ብሳሳት እንዳትረግሚኝ። ግን እናንተ የተጻፋችሁት በእናትሽ ሥር ነው። እሷ ከሌለች ፋይሉን ማን ይሸከመዋል? አባትሽ ለእናንተ በየስማችሁ ሌላ ማስገባት ያለበት ይመስለኛል። በተለይ ለኦልያድ፤ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ። ሰኔ ላይ ሃያ አንድ ይሞላል።»

«ሃያ አንድ ከሞላ ወረፋው ሌላ ነው፣ ይረዝማል።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ይህን ሁሉ የራሱን ጠበቃ ነው መጠየቅ ያለበት። ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ማወቅ አለበት።»

ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። ድንኳኑ ተነሥቷል። የእናቷ የጎማ ቦት ጫማ በሩ ሥር አለ፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ለራሱ ጫማ ቦታ ለማግኘት በእግሩ ገፋ ስለሚያደርገው አሁን ግድግዳው ጥግ ደርሷል። የማዕከሉ አፈር ገና ሶሉ ላይ ነው።

«ርሆዬ፣ ስሚኝ» አለ አባቷ። «ጠበቃው የቤተሰብህን የቅርብ ፎቶ ይዘህ ግባ አለኝ። የሦስታችሁንም። ይጠይቁኝ አይጠይቁኝ አይታወቅም፣ ቢኖር አይከፋም አለ። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አልተነሣችሁም?»

ደሳለች ስልኩ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ነበር። ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች።

«ተነሥተናል» አለች ርሆቦት።

«እሰይ። ላኪልኝ። ቀኑንም ጻፊበት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናትሽ ዛሬም የለችም?»

«ሥራ ገብታለች።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ችግኝ የሚጫን አለ አሉ።»

«ርሆ፣ ተቀይማኛለች እንዴ?»

ርሆቦት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

«ባለፈው ረቡዕ ስናወራ ትንሽ ተጨቃጭቀን ነበር። በሶፋው ነው። እሷ ለደሳለች እሰጠዋለሁ ትላለች፣ እኔ ሽጪው እላለሁ። ለሶፋ ብዬ...» ለመሳቅ ሞከረ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። አንዴ ጉሮሮ፣ አንዴ ጸሎት። እኔ ሞኝ አይደለሁም እኮ። በያት፣ ሶፋው እሷ እንዳለችው ይሁን። አባዬ ይቅርታ ብሏል በያት። እሺ?»

«እሺ።»

«ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«ጀባዹ።»

ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ደሳለች ከጎኗ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ርሆቦት የሶፋውን ክንድ አየች። ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል፣ እናቷ ክርኗን የምታሳርፍበት ቦታ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ሊሰማት ይገባ ነበር። ጠበቀች። አልመጣም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኦልያድ ፎቶውን መርጦ ጨርሶ ነበር። ክረምት ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተነሡት ነው፤ ሦስቱም አሉበት፣ እናታቸው መሃል። ከኋላቸው ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ይታያል። ኦልያድ ጃንጥላውን ከጎን ቆርጦ አወጣው።

«ዝናብ ይመስል ነበር» አለ። «አሁን አይታወቅም። ላኪው። ‹ባለፈው እሁድ› ብለሽ ጻፊ።»

«ለምን አንተ አትልክም?»

«ያንቺን ነው የሚጠብቀው።»

ርሆቦት ስልኩን ተቀበለች። ‹ባለ› ብላ ጻፈች። አጠፋችው። እንደገና ‹ባለፈው እሁድ› ብላ ጻፈችና ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ።

«እሁድ የት እንደነበረች ታውቃለህ?» አለች።

«ርሆቦት፣ ተይ።»

«ዝም ማለት ሌላ ነው። ይሄንን ሰኞ ይዞት ይገባል። ምሎ ያሳያቸዋል።»

ኦልያድ ተነሣ። ረጅም ነው፤ ሲቆም ቤቱ ያንስበታል። «አንቺ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው። ጊዜ አለሽ። እኔ ሰኔ ላይ አለቀልኝ። አሁን ከነገራችሁት ፈተናውን ይሄዳል ብለሽ ነው? አይሄድም። ቢሄድም ይወድቃል። ዘጠኝ ዓመት፣ ርሆ። እሷም ይህንን ነበር የምትፈልገው።»

«ፋይሉ የእሷ ነው። አንተም እኔም ከሥሯ ነን። ለእኛ ሌላ ካላስገባ ፈተናውን ቢያልፍም...»

«ማን አለሽ?»

«ኢክረማ።»

«ኢክረማ ፎቶ አንሺ ነው!»

«አባዬ ጠበቃ አለው። ይጠይቀው። ግን ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

ኦልያድ ያን ያህል ጊዜ ስለ ፋይሉ ሲያወሩ ፋይሉ የማን እንደሆነ የረሳ ይመስል ነበር። ቁጭ አለና ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን አየው። በአውራ ጣቱ እናቱን አጎላት፣ ፊቷ ብቻ እስኪቀር ድረስ።

«ተቀየመችኝ ብሎ ያስባል» አለች ርሆቦት።

ኦልያድ ስልኩን መልሶ ሲሰጣት ‹ላኪው› አላላትም።

ዓርብ ከትምህርት በጊዜ ወጡ። ርሆቦትና ሀያም የቁስቋምን ዳገት ጀመሩና መሃል ላይ ቆሙ፤ አንድ ግንብ አለ፣ ሰው የማይበዛበት። የሾዴን ቁጥር ጠዋት ከአክስቷ ስልክ ላይ ገልብጣዋለች። እዚያ ገና ሊነጋ ነው።

«እኔ ላውራልሽ?» አለች ሀያም።

«አንቺን አያውቁሽም።»

«እሱማ እውነት ነው።» ሀያም ዘወር ብላ ግንቡ ላይ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ግን አላዞረችም።

ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። «ሄሎ?» እንቅልፍ ያለበት ወፍራም ድምፅ።

«ጋሽ ሾዴ፣ ርሆቦት ነኝ። የቶለሳ ልጅ።»

«ውይ ልጄ! እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ምነው፣ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ዛሬ እንዲነግሩት ነው የደወልኩት።»

አልጋ ሲንቋቋ ሰማች።

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ከሰኞ በኋላ ብለዋል። እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ፈተናውን ይጨርስና...»

«ሰኞ እጁን አንሥቶ ይምላል። ሚስትህ የት ናት ይሉታል። ፎቶ ላኪ ብሎኛል፤ ከሞተች በኋላ እንደተነሣ አድርጌ ልልክለት ነው የተባልኩት። በኋላ ሲያውቅ ምን አስማላችሁኝ ነው የሚለን?»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን...»

«ደግሞ ተቀይማኛለች ብሎ ያስባል። በሶፋ ምክንያት። ይቅርታ ብሏል በያት ብሎኛል።» ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፣ ጠፍጣፋ። «ጋሽ ሾዴ፣ ነገ ጠዋት ይደውላል። እርስዎ ካልሄዱ እኔ እነግረዋለሁ። በስልክ። ከዚህ በላይ ልዋሸው አልችልም።»

«በስልክ እንዳታደርጊው!» አሉ ፈጥነው።

«እሺ።»

«ብቻውን ነው የሚኖረው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ለእርስዎ የደወልኩት።»

ሾዴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። በኦሮምኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ፤ ርሆቦት የያዘችው የእግዚአብሔርን ስም ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ሆነው መጡ፤ ሥራ የያዘ ሰው።

«ብቻዬን አልሄድም። ፓስተሩን እቀሰቅሳለሁ። ሁለት ጠንካራ ሰዎች እይዛለሁ። አምሽቶ የሚተኛ ሰው ነው፣ አልጋው ላይ እናገኘዋለን።»

«እሺ።»

«ደሳለች ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ወይ ጉድ። ታዲያ ማን ላካችሁ ቢለኝ ምን ልበለው?»

ርሆቦት ከዳገቱ በታች ያለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ አየች። አንዱ ላይ ብርድ ልብስ ለፀሐይ ተሰጥቷል።

«ርሆቦት ናት በሉት።»

ቤት ስትገባ ደሳለች ምንጣፉን እየጠረገች ነበር። ርሆቦት ቦርሳዋን ሳታወርድ ነገረቻት። ደሳለች መጥረጊያውን ለቀቀችው።

«ምን? ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም፣ እቴቴ።»

«አንቺ ልጅ! ሽማግሌ ያሰረውን... ሰው እንዴት እንደሚወድቅ አታውቂም አንቺ! እኔ ነኝ የማውቀው!» እጇን አነሣች። ርሆቦት አልሸሸችም። እጁ አየር ላይ ቆየና ወረደ። ደሳለች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ነው የሚይዘው?» አለች በመጨረሻ።

«ጋሽ ሾዴ፣ ፓስተሩ፣ ሌላም ሁለት ሰው።»

«ደረጃ ላይ አይደለም?»

«አልጋው ላይ ነው።»

ደሳለች ጥቂት ጊዜ ነጠላዋን በጣቷ ስትቋጥርና ስትፈታ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተችና ጎረቤቶቹን ጠራች። ፍራሾቹ እንደገና ተዘረጉ። ሴቶቹ ምን ሆነ እያሉ ገቡ። ኦልያድ ከጓዳ ወጥቶ በሩ መቃን ላይ ተደገፈ። የእናቱን ቦት ጫማ ከጥጉ አንሥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

«ስልኩ ሲጠራ ዝም እንዳትሉ» አለች ርሆቦት ለሴቶቹ። «ዛሬ ዝም እንዳትሉ።»

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጠራ። ከገጠር የመጡት ዘመድ እያለቀሱ ነበር። በልማድ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ደሳለች እጃቸውን ያዘችና ወደ ታች አወረደችው። ልቅሶው ሳይቋረጥ ርሆቦት ስልኩን አነሳች።

ከዚያ ወገንም የሰዎች ድምፅ ነበር። የሚጸልይ ሰው፣ ‹አይዞህ› የሚል ሰው። አባቷ ለረጅም ጊዜ የራሱን ቤት ልቅሶ አዳመጠ።

«ርሆዬ» አለ።

«አቤት አባዬ።»

«መቼ ነው?»

«ኅዳር 11። ሐሙስ። ረፋድ ላይ።»

«አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

«አዎ።»

«ስጠይቅሽ የነበረው ሁሉ...» አልጨረሰውም። «አጠገቧ ማን ነበር?»

«የሥራ ጓደኞቿ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እኔ አልነበርኩም፣ አባዬ። አልነበርኩም...» አለችና ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

ቶለሳ የሰኞውን ቃለ መጠይቅ አልገባም። ጠበቃው በሐዘን ምክንያት ብሎ አስተላለፈለት። የርሆቦትና የኦልያድ ማመልከቻ ታኅሣሥ ላይ በየስማቸው ገባ፤ ሁለቱም እስካሁን ወረፋ ላይ ናቸው። ሶፋው ደሳለች ቤት ነው።

አዲሱ ቀጠሮ መጋቢት ላይ ደረሰ። ጠያቂዋ እጁን አስነሥታ ካስማለችው በኋላ ከሞላው የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቀችው። ሚስቱ መሞቷን ነገራት፤ እሷም ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቹ አለፈች። ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት ካልቻለ ማን ይተካዋል ስትለው ትንሽ ቆየና በትክክል መለሰ።